ቡድናችን ማንን ይምረጥ? ለኤንኤፍኤል ድራፍት ክርክር እንዴት መዘጋጀት እንደሚቻል

ኤፕሪል ሲቃረብ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ደጋፊ ሁሉ ስለ ድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ ስለሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሟገታል፤ ከኮሌጅ ማንን እንውሰድ? አንዱ «ጎበዝ ነው» ይላል፣ ሌላው «እኛ ጋ እስኪደርስ አይቆይም»፣ ሦስተኛው «የሚያስፈልገን ታክል (የማጥቃት መስመሩን ጫፍ የሚጠብቅ ተጫዋች) ነው»፣ አራተኛው «ለ8ኛ ምርጫ ውድ ነው»። አራቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እርስ በርስ የማይደማመጡት እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ ነው፤ ተጫዋቹ ምን ያህል ጥሩ ነው? መቼ ይወሰዳል? ቡድኑ ምን ይጎድለዋል? ዋጋውስ ስንት ነው?

ክርክሩ ፍሬ እንዲኖረው እነዚህን ለያይቶ በቅደም ተከተል መመለስ ያስፈልጋል፤ ችሎታ መጀመሪያ፣ የቡድኑ ፍላጎት መጨረሻ። ፍላጎትን ያስቀደመ ሰው፣ ቡድኑ ታክል ካጣ የዓመቱ ታክሎች ሁሉ ድንቅ ሆነው ይታዩታል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ

ድራፍቱ 7 ዙር ሲኖረው በሦስት ቀን ያልቃል፤ ሐሙስ 1ኛው ዙር፣ ዓርብ 2ኛውና 3ኛው፣ ቅዳሜ የቀሩት። ተጫዋች ለምርጫ መቅረብ የሚችለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ ቢያንስ 3 ዓመት ሲሞላው ነው። ከ1 እስከ 18 ያለው ተራ ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ውድድር) ላልገቡት ቡድኖች ይሰጣል፤ ውጤቱ የከፋው ይቀድማል፣ እኩል የሆኑ ካሉ ቀለል ያሉ ተጋጣሚዎች የነበሩት ቀድሞ ይመርጣል። የወቅቱን ፍጻሜ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈው 32ኛ ነው። ከ3ኛው ዙር ጀምሮ ፍሪ ኤጀንቶች (ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች) ለሄዱባቸው ቡድኖች በየዙሩ መጨረሻ የማካካሻ ምርጫ ይጨመራል። ስለዚህ «3ኛ ዙር» ሲባል 65ኛም 100ኛም ሊሆን ይችላል። ስትከራከሩ ዙር ሳይሆን ቁጥር ጥሩ።

ከ2011 ወዲህ የአዲስ ተጫዋች ክፍያ የሚወሰነው በተመረጠበት ቁጥር ነው። ውሉ 4 ዓመት ሲሆን፣ በ1ኛው ዙር ለተመረጡት ግን ቡድኑ 5ኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ባልቲሞር በ2018 ከፊላደልፊያ ጋር ተለዋውጦ 32ኛውን ምርጫ ካገኘ በኋላ ኳርተርባኩን (ጥቃቱን የሚመራውንና ኳስ የሚወረውረውን) ላማር ጃክሰንን ወሰደ። 32ኛና 33ኛ ጎን ለጎን ቢሆኑም፣ 32ኛው ላይ የተመረጠውን ቡድኑ አንድ ዓመት አብልጦ ሊያቆየው ይችላል።

የራስን ሰሌዳ መሥራት

በዓመት ከ250 በላይ ተጫዋቾች ይመረጣሉ። ሁሉንም ላያቸው የሚል ደጋፊ አንዱንም በደንብ አያይም። ቡድናችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 3 ምርጫ ካለው 40 ስም ይበቃል፤ 16 በ1ኛው ምርጫችሁ ዙሪያ፣ 12 በ2ኛው፣ 12 በ3ኛው ዙሪያ ይመረጣሉ ተብለው ከሚገመቱት። 8ኛ ላይ የምትመርጡ ከሆነ ከ5ኛ እስከ 20ኛ ድረስ የሚጠሩትን ስሞች ያዙ። ወደ ታች ሰፋ የሚደረገው ቡድኑ ምርጫውን ለውጦ ሊወርድ ስለሚችል ነው።

ለእያንዳንዱ ስም የሚከተሉትን መዝግቡ፤ የትውልድ ቀን፣ ቁመትና ክብደት፣ የክንድ ርዝመት፣ ከመጀመሪያው የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ብዛት፣ በጉዳት ያመለጡት ጨዋታዎች፣ ደረጃ፣ እና የደረጃው ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ይወሰድበታል ተብሎ የሚገመተው ቁጥር» ለብቻው ሌላ ዓምድ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግምታዊ የምርጫ ዝርዝሮችን ደጋግሞ ያነበበ ሰው የተጫዋቹን ዋጋ ከገበያው ወሬ ይቀዳና የራሱ ፍርድ ይመስለዋል። ፊልሙን (የጨዋታዎቹን ቅጂ) አይታችሁ ደረጃውን ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ የገበያውን ዓምድ ሙሉ።

የትውልድ ቀን የተካተተው ያለ ምክንያት አይደለም። በዝውውርና በተጨማሪ የብቁነት ዓመታት ምክንያት ዛሬ 24 ዓመት የሞላቸው የኮሌጅ ተጫዋቾች ጥቂት አይደሉም። የ24 ዓመት ሰው 19 ዓመት ልጆችን ሲጥል ማየት በ20 ዓመቱ ያንኑ ካደረገው ጋር እኩል አይመዘንም። ክሊቭላንድ በ2012 በ22ኛ ምርጫ የወሰደው ኳርተርባክ ብራንደን ዊደን 28 ዓመቱ ነበር፤ ለማደግ የቀረው ጊዜ ከመጀመሪያውም አጭር ነበር።

ስሞቹን ከ1 እስከ 40 አትደርድሩ፤ በደረጃ መድቡ። 1ኛ ደረጃ፣ የቡድንን አቅም የሚለውጥ። 2ኛ ደረጃ፣ ከመጀመሪያው ዓመት የሚሰለፍና ከመካከለኛ በላይ የሚሆን። 3ኛ ደረጃ፣ በሁለተኛው ዓመት ቦታ የሚይዝ። 4ኛ ደረጃ፣ ተቀያሪ። 5ኛ ደረጃ፣ በምንም ዋጋ የማንወስደው። ካይድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በአንድ የጨዋታ ቦታ ቀድሞ የተመረጠው ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ከ50 በመቶ ብዙም አይዘልም። ሙሉ ጊዜ ይህንኑ የሚሠሩ ባለሙያዎች 11ኛውን ከ12ኛው በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት ካልቻሉ፣ ደጋፊ በዚያ ላይ ሲጨቃጨቅ ማምሸቱ ትርፍ የለውም። ስለ ደረጃ መከራከር ግን ዋጋ አለው።

ፊልም ስታዩ ምን ትመለከታላችሁ

የተመረጡ ቅንጭብ ቪዲዮዎችን ተዉ፤ እዚያ ውስጥ ሁሉም ኮከብ ነው። ለአንድ ተጫዋች ቢያንስ 4 ሙሉ ጨዋታ እዩ፤ ምርጥ የተባለለትን፣ መጥፎ የተባለበትን፣ ጠንካራ ተጋጣሚ የገጠመበትን፣ እና በወቅቱ መጨረሻ የተጫወተውን። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ስለሚከተል ዋይድ ሪሲቨሮች (ኳስ ተቀባዮች)፣ ኮርነርባኮች (እነሱን የሚሸፍኑ) እና ሴፍቲዎች (ከኋላ የሚከላከሉ) አብዛኛውን ጊዜ ከምስሉ ይወጣሉ። ስለነዚህ ቦታዎች የምትሰጡት ፍርድ ከታክል ወይም ከኳርተርባክ ፍርዳችሁ ይልቅ ልል መሆን አለበት።

ኳርተርባክን ስትመዝኑ ስክሪን ፓሶችን (ከመስመሩ ጀርባ ላለ ተቀባይ የሚሰጡ አጫጭር ኳሶችን) እና ማንም ላልሸፈነው ተቀባይ የተወረወሩትን መጀመሪያ አውጡ፤ የኳስ ማድረስ መቶኛን የሚያሳምሩት እነሱ ናቸው። የቀረውን በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። የመጀመሪያ ምርጫው ሲሸፈንበት ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? ጫና ሲመጣበት ቆሞ ይወረውራል ወይስ ሳያስፈልገው ይሸሻል? በ3ኛ ዳውን (10 ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት 4 ሙከራዎች በሦስተኛው) ከ7 ያርድ በላይ ሲቀር ከ10 እስከ 20 ያርድ ባለው የሜዳው መሐል ላይ ይወረውራል? የመጨረሻውን ጨርሶ የማይሞክር ኮከብ በኮሌጅ ብዙ አለ፤ የቡድኑ ስልት ጠይቆት አያውቅምና። ያ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ግን ያልታየ ነገር ስለሆነ «ይችላል» ብላችሁ አትጻፉ።

ኦፌንሲቭ ታክል ላይ እግርን አስቀድሙ። ወደ ኋላ ሲንሸራተት ዳሌው ቶሎ ወደ ጎን ከተገለበጠ፣ ፈጣን ተጫዋች መጀመሪያ በውጭ አስፈራርቶት በውስጥ ያልፈዋል። ከዚያ እጁን እዩ፤ ቀድሞ የሚመታው ማን ነው? ብዙ ቡድኖች ክንዱ ከ33 ኢንች ያነሰን ታክል ወደ ጋርድ (ከታክሉ በውስጥ በኩል ወዳለው ቦታ) ማዛወር ይመርጣሉ፤ ረጅም ክንድ ያለው አጥቂ ደረቱ ላይ ቀድሞ ይደርስበታልና። ይህ ግን ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ዊል ካምቤል በ2025 ኮምባይን (ተጫዋቾች ከድራፍቱ በፊት የሚለኩበትና የሚፈተኑበት ዝግጅት) ክንዱ 32 ከ5/8 ኢንች ተለካ፤ ኒው ኢንግላንድ ግን በ4ኛ ምርጫ ወስዶ በግራ ታክልነት አሰለፈው። «ክንዱ አጭር ነው» የሚል ተከራካሪ ያ አጭር ክንድ ያስከተለውን ችግር በፊልም፣ በየትኛው ጨዋታ እንደሆነ ጠቅሶ ማሳየት አለበት።

ኤጅ (ከመከላከል መስመሩ ጫፍ ኳርተርባኩን የሚያሳድድ ተጫዋች) ላይ የሳክ (ኳርተርባኩን ሳይወረውር የመጣል) ቁጥር ብቻውን ያታልላል። እያንዳንዱን ሳክ እዩና ከሦስቱ በአንዱ መድቡ፤ ተከላካዩን አሸንፎ ያገኘው፣ ማንም ሳይከለክለው ያገኘው፣ ወይም ሌላው ያባረረለትን ኳርተርባክ የያዘው። የመጀመሪያው ዓይነት ከግማሽ በታች ከሆነ ቁጥሩን ተጠራጠሩት። በአንጻሩ ሳኩ አነስተኛ ሆኖ በየጨዋታው ኳርተርባኩን ከቦታው የሚያፈናቅል ተጫዋች ከቁጥሩ በላይ ነው። ጃክሰንቪል በ2022 በመጨረሻው የኮሌጅ ወቅት 14 ሳክ የነበረውን ኤደን ሃቺንሰንን አልፎ 6 ሳክ የነበረውን ትራቮን ዎከርን በ1ኛ ምርጫ ሲወስድ የመዘነው አካልና እንቅስቃሴን ነበር፤ ሃቺንሰን 2ኛ ሆኖ ወደ ዲትሮይት ሄደ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፣ ሁለቱም ግን መሰለፍ የሚገባቸው ሆነዋል።

ዋይድ ሪሲቨርን ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚጋፋው ኮርነርባክ ሲገጥመው እዩት፤ በነፃ ሜዳ ሲሮጥ ያምራል፣ በኤንኤፍኤል ግን መነሻው ላይ ይያዛል። ኮርነርባክን በያዘው ኢንተርሴፕሽን (ከተጋጣሚ ውርወራ በነጠቀው ኳስ) አትለኩት፤ የሚፈሩትን ኮርነርባክ ኳርተርባኮች ወደ እሱ አቅጣጫ ስለማይወረውሩ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) ላይ ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ የሚጨምረውን ያርድና ለብሊትዝ (ተጨማሪ ተከላካዮች ኳርተርባኩን ለማሳደድ ሲወጡ) የሚሰጠውን ምላሽ ተመልከቱ፤ ኳርተርባኩን መጠበቅ የማይችል ራኒንግ ባክ በ3ኛ ዳውን ወንበር ላይ ይቀመጣል።

የኮምባይን ቁጥሮች

በኢንዲያናፖሊስ በፌብሩዋሪ መጨረሻ የሚካሄደው ኮምባይን በክርክር ውስጥ ከሚገባው በላይ ይጠቀሳል። ቁጥሩን ሁልጊዜ ከክብደት ጋር ጥሩት፤ 40 ያርድን በ4.45 ሰከንድ የሮጠ የ225 ፓውንድ ተጫዋችና የ180 ፓውንድ ተጫዋች አንድ ነገር አልሠሩም። ለመስመር ተጫዋቾች የ40 ያርዱ ሙሉ ሰዓት ብዙም አይጠቅምም፤ የመጀመሪያውን 10 ያርድ ተመልከቱ፣ ሥራቸው እዚያ ውስጥ ያልቃልና። 225 ፓውንድ የማንሳት ፈተናው ረጅም ክንድ ያለውን ይጎዳል፤ ብረቱን የሚገፋበት ርቀት ይረዝምበታል። በኮሌጁ ግቢ በሚደረገው ፕሮ ዴይ የተመዘገበ ሰዓትም ከኮምባይኑ ጋር አንድ ላይ አይሰለፍም፤ ወለሉም ሰዓት አያያዙም ይለያያል።

ኮምባይን የሚጠቅመው ፊልም ላይ ያስተዋላችሁትን ለማረጋገጥ ወይም ወደ ፊልሙ ለመመለስ ነው። ጆን ሮስ በ2017 በ4.22 ሰከንድ ሮጦ የወቅቱን ክብረ ወሰን ሰበረና በ9ኛ ምርጫ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ፤ እንደተጠበቀው አልሆነም። በሚቀጥለው ዓመት ኦርላንዶ ብራውን በ5.85 ሮጦ ወደ 83ኛ ወረደ፤ በኋላ ግን በተደጋጋሚ ለፕሮ ቦውል (ለዓመቱ ኮከቦች ምርጫ) የተመረጠ ታክል ሆነ። ቁጥሩ ከፊልሙ ጋር ሲጣላ ተመልሳችሁ ሁለት ጨዋታ እዩ። ያን ጊዜም ፊልሙ የመጀመሪያውን ነገር ከነገራችሁ ፊልሙን እመኑ።

የሕክምና መረጃ ግን ደጋፊ እጅ አይገባም፤ ቡድኖቹ በኮምባይን ወቅት በራሳቸው ሐኪሞች ያስመረምራሉ። ተጫዋች በድራፍቱ ዕለት ያለ ምክንያት ሲወርድ ስታዩ «ሁሉም ተሳስተዋል» ከማለታችሁ በፊት እናንተ ያላያችሁት ወረቀት ሊኖር እንደሚችል አስቡ።

የቦታ ዋጋ፤ ገንዘቡ የሚናገረው

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጋጋለው እዚህ ላይ ነው፤ መጋጋልም ይገባዋል። የአዲስ ተጫዋች ክፍያ የሚወሰነው በምርጫ ቁጥር እንጂ በሚጫወትበት ቦታ አይደለም። የነባር ተጫዋች ገበያ ግን ቦታን ይለያል። በ2025 የጸደይ ወራት ከፍተኛው የዋይድ ሪሲቨር ውል የጃማር ቼስ ነበር፤ በዓመት በአማካይ 40.25 ሚሊዮን ዶላር። ከፍተኛው የራኒንግ ባክ ውል የሳክዋን ባርክሊ፣ 20.6 ሚሊዮን። የኳርተርባኩ የዳክ ፕሬስኮት ውል ደግሞ 60 ሚሊዮን። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ላይ በችሎታ እኩል የሆኑ ዋይድ ሪሲቨርና ራኒንግ ባክ ቢገኙ፣ ዋይድ ሪሲቨሩ ለቡድኑ የሚያተርፈው ገንዘብ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ካሌብ ዊሊያምስ በ2024 በ1ኛ ምርጫ የፈረመው የ4 ዓመት ውል በጠቅላላው 39 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው፤ ይህም በዓመት ከ10 ሚሊዮን በታች መሆኑ ነው። ኳርተርባክ የሚያስፈልጋቸው ቡድኖች ለምን እንደሚጣደፉ ይህ ይገልጻል። በ2024 ከመጀመሪያዎቹ 12 ምርጫዎች 6ቱ ኳርተርባክ ነበሩ፤ የመጀመሪያው የመከላከል ተጫዋች የተጠራው 15ኛ ላይ ነው።

ግን እኩል የሚለውን ቃል አትርሱ። የቦታ ዋጋ በአንድ ደረጃ ውስጥ ላሉ ሁለት ተጫዋቾች ይፈርዳል፤ 3ኛ ደረጃ ላይ ያለን ታክል 1ኛ ደረጃ ላይ ካለ ሴፍቲ አያስቀድምም። ዲትሮይት በ2023 ራኒንግ ባኩን ጃሚር ጊብስን በ12ኛ፣ ላይንባከሩን (ከመከላከል መስመሩ ኋላ የሚሰለፈውን) ጃክ ካምቤልን በ18ኛ ሲወስድ «ርካሽ ቦታ ላይ ውድ ምርጫ አባከነ» ተብሎ ተተቸ። በዚያው ወቅት ቡድኑ እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ፍጻሜ ደረሰ።

ፍላጎትን መጨረሻ ላይ ማስገባት

የቡድናችሁን ጉድለት ስትጽፉ የዚህን ዓመት ብቻ አትጻፉ። ሦስት ዓምድ አውጡ፤ ዛሬ ክፍት የሆነ ቦታ፣ ውሉ በሚቀጥለው ዓመት የሚያልቅ ተሰላፊ፣ እና 30 ዓመት ያለፈው ተሰላፊ። ይህን ዝርዝር የማርች የፍሪ ኤጀንት ገበያ ከረገበ በኋላ ሥሩት፤ ቀድማችሁ ከሠራችሁት ግማሹ ይሻራል። አብዛኞቹ ከ2ኛው ዙር በኋላ የሚመረጡ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ስለሚጫወቱ፣ ለእነሱ የሚጠቅመው ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ነው።

አሁን ሰሌዳውን ክፈቱ። ደንቡ አጭር ነው፤ ደረጃ ሲለያይ ከፍ ያለውን ውሰዱ፣ ደረጃ ሲገጥም ቦታና ፍላጎት ይፍረዱ። ለምሳሌ 20ኛ ላይ ትመርጣላችሁ፣ ኮርነርባክ ያስፈልጋችኋል፣ በሰሌዳችሁ ላይ አንድ 2ኛ ደረጃ ኤጅና ሁለት 3ኛ ደረጃ ኮርነርባኮች ቀርተዋል። ኤጁ ይወሰዳል። ከዚያ የሚቀጥለው ምርጫችሁ 52ኛ ከሆነ ስንት 3ኛ ደረጃ ኮርነርባክ እስከዚያ ሊደርስ እንደሚችል በገበያ ዓምዳችሁ ቁጠሩ። ሦስት ወይም አራት ካሉ መጠበቁ አያስፈራም። አንድ ብቻ ከሆነ ከ20ኛ መውረድን አስቡ።

ልውውጥን በቁጥር መከራከር

«ወደ ላይ ወጥተን እንውሰደው» የሚል ሰው ዋጋውን መናገር አለበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጂሚ ጆንሰን ዘመን ዳላስ የተጠቀመበት የነጥብ ሰንጠረዥ እስካሁን የጋራ መነጋገሪያ ነው። 1ኛ ምርጫ 3000፣ 5ኛ 1700፣ 10ኛ 1300፣ 16ኛ 1000፣ 24ኛ 740፣ 32ኛ 590፣ 50ኛ 400 ነጥብ አላቸው። ከ10ኛ ወደ 5ኛ ለመውጣት ልዩነቱ 400 ነው፤ ማለትም 50ኛውን ምርጫ መስጠት። ከ16ኛ ወደ 24ኛ የሚወርድ ደግሞ 260 ነጥብ ይጠይቃል፤ 66ኛው ምርጫ ልክ ያን ያወጣል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሌሎች ሰንጠረዦች የላይኞቹ ምርጫዎች በዚህኛው ከልክ በላይ ተወደዋል ይላሉ፤ በዚያ አስተያየት ብንሄድ ወደ ታች መውረድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ሰንጠረዡ ለኳርተርባክ ሲሆን አይሠራም፤ ሻጩ ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ከ12ኛ ወደ 3ኛ ለመውጣት 12ኛውን፣ የ2022ንና የ2023ን 1ኛ ዙር ምርጫዎች፣ በተጨማሪም አንድ 3ኛ ዙር ሰጥቶ ትሬይ ላንስን ወሰደ። በኦገስት 2023 በአንድ 4ኛ ዙር ምርጫ ወደ ዳላስ አሳለፈው። በዚያ ዓመት ከመጀመሪያዎቹ 15 ምርጫዎች 5ቱ ኳርተርባክ ነበሩ፤ 4ተኛ ወቅታቸው ሳይጀምር ከመረጣቸው ቡድን ጋር የቀረው ትሬቨር ሎረንስ ብቻ ነው። ለአንድ ስም ሁለት የወደፊት 1ኛ ዙር ይሰጥ የሚል ሰው ይህን ዝርዝር ፊቱ አስቀምጦ ይሟገት።

ሲከራከሩ የሚጠቅሙ ልማዶች

ማንንም «አንውሰደው» ስትሉ በዚያው ቁጥር የምትወስዱትን ስም አብራችሁ ጥሩ። አማራጭ የሌለው ተቃውሞ አይመዘንም። ቺካጎ በ2017 ከ3ኛ ወደ 2ኛ ወጥቶ ሚቼል ትሩቢስኪን ሲወስድ ፓትሪክ ማሆምስ እስከ 10ኛ፣ ዴሾን ዋትሰን እስከ 12ኛ አልተጠሩም ነበር። በዚያ ምሽት ማሆምስን በስም የጠራ ተቃዋሚ ዛሬ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ «ትሩቢስኪ አይሆንም» ብቻ ያለው ግን ግማሽ ክርክር ነው ያቀረበው።

ያለፈን ስትጠቅሱም ወሰን አብጁ። ተጫዋችን ከእሱ በኋላ ከተጠሩት 10 ወይም 15 ስሞች ጋር አወዳድሩ እንጂ ከ199ኛው ጋር አይደለም። በኋላ ታላቅ ኳርተርባክ የሆነውን፣ 199ኛ የተጠራውን ቶም ብሬዲን በ2000 ሁሉም ቡድን አልፎታል፤ ኒው ኢንግላንድ ራሱ ከእሱ በፊት ስድስት ሌሎች ተጫዋቾችን መርጧል። ማንም ያላየውን አለማየት የአንድ ቡድን ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም።

ሰሌዳችሁን ከሐሙስ በፊት ቆልፉት፤ ቀኑን ጻፉበት፣ ከዚያ በኋላ አትንኩት። የድራፍቱ ማግስት ላይ ውጤት አትስጡ፤ የዚያ ቀን ነጥብ የሚለካው ቡድኑ ከእናንተ ሰሌዳ ጋር ምን ያህል እንደተስማማ ብቻ ነው። መመዘኛው ቀን በሕጉ ውስጥ አለ። ቡድኖች ለ1ኛ ዙር ተጫዋቾች 5ኛ ዓመት ይጨምሩ እንደሆነ የሚወስኑት ከሦስተኛው ወቅት በኋላ፣ በሜይ መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ የቆለፋችሁትን ሰሌዳ አውጥታችሁ 40ውን ስም ሦስት ቁጥር ስጧቸው፤ ከመጀመሪያው የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች፣ ቡድኑ ውሉን አራዘመ ወይስ አላራዘመም፣ እና ደረጃውን ዛሬ ብትሰጡት ስንት ይሆን ነበር። ከዚያ ስሕተቶቻችሁን በጨዋታ ቦታ ለዩ። ኮርነርባክ ላይ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ የምትሰጡ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ኤፕሪል ኮርነርባኮቻችሁን ሁሉ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ደረጃ አውርዷቸው።